ጡሩንባውና የሰዓት ፊርማው

እኛ ተማሪዎች ስለ ሥራ መነጋገር እንወዳለን። ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ደመወዝ ማነስ፣ ዲግሪ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ስለ መጥናት ሲነሣ የማይናገር የለም። ስለ ቤተሰብና ስለ ጎረቤት ሲነሣ ግን ወሬው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ምናልባት የአያቶቻችን ጉዳይ ስለሚመስለን ይሆናል። እኔ በበኩሌ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንንም ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነውና ነገሬን ከደብዳቤው እጀምራለሁ።

አባቴ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የክር ማሽን ሠራተኛ ነው። የፋብሪካውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሌላ ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ የተለየ ነገር ያደርግ ነበር ብዬ አላስብም። ባለፈው ዓመት በአንድ ማክሰኞ ሌሊት አሮጊቷ ጎረቤታችን ዐረፉ። ጎሕ ሳይቀድ የዕድራችን ለፋፊ ጡሩንባውን እየነፋ ሰፈሩን ዞረና ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ተናገረ። አባቴ እንደ ወትሮው ሰዓቱን ጠብቆ ሥራ ገባ፤ ፈረመ፤ ከዚያም ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ አስተዳደር ክፍል ሄደ። እዚያ የተቀመጠው ወጣት እንደኛው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነው። በትሕትና ብድግ ብሎ ከተቀበለው በኋላ «ጋሼ፣ ሟቿ ምንዎ ናቸው?» ሲል ጠየቀው።

«ጎረቤቴ ናቸው።»

«እናትዎ ወይም ባለቤትዎ ቢሆኑ ሦስት ቀን እሞላልዎ ነበር። ጎረቤት ግን ሕጉ ላይ የለም።»

አባቴ እስከ ስድስት ሰዓት ሠራና ወጥቶ ሄደ። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ከወር ደመወዙም ተቈረጠ።

ወጣቱ አልዋሸም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥቼ አነበብሁት። ሠራተኛው ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቈጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር እንዲፈቀድለት ይደነግጋል። በሌላ በኩል ደግሞ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፣ ወይም በጠቅላላው አምስት ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት እንደሚችል ይናገራል። ሕጉ ክፉ ሕግ ነው አልልም። ለወለደች ሴት ከወሊድ በፊት ሠላሳ፣ ከወሊድ በኋላ ዘጠና ቀን ይሰጣል። ለአባትየው የሚሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሕፃኑ በአራተኛው ቀን ራሱን ችሎ የሚቆም ይመስል። ወደ ጉዳዬ ልመለስና፣ ሕጉ ዘመድን የሚቈጥረው በደምና በጋብቻ ነው። ዕድር ግን የሚቈጥረው በአጥርና በደጅ ነው። አባቴ የወደቀው በሁለቱ አቈጣጠር መካከል ነው።

እንግዲህ «ምንዎ ናቸው?» ለተባለው ጥያቄ ተገቢውን መልስ አባቴ ስላልሰጠ እኔ ልስጥ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ለደንበኞች ታደርሳለች። እኔ ሕፃን በነበርሁበት ጊዜ እሷ ሌሊት ተነሥታ ትጋግርና ጠዋት እንጀራውን ተሸክማ ትወጣለች። አባቴም በፈረቃ ይሠራል። የምቀመጠው እኚያ አሮጊት ዘንድ ነበር። እማማ እያልሁ እጠራቸው ነበር። ክትባት ይዘውኝ የሄዱት፣ ቊርስ ያበሉኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ሌሊቱን ሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን ሲያብሱ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ አራት ዓመት ያህል እንዲህ ሆነ። ክፍያቸው ምን ነበር? ለበዓል ከቅርጫው አንድ መደብ ሥጋ፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ቡና፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለፋሲካ ጋቢ። ይኸው ነው።

በቤታችን ግድግዳ ላይ በመስታወት ገብቶ የተሰቀለ አንድ ወረቀት አለ። ፋብሪካው ለአባቴ ስለ ሰዓት አክባሪነቱ የሰጠው የምስጋና ወረቀት ነው። የተጻፈበትን ዓመት ብታዩት ልክ እኔ እማማ ዘንድ የምውልበት ዘመን ነው። አባቴ በሰዓቱ ይደርስ የነበረው እሳቸው በሰዓቱ በራቸውን ይከፍቱ ስለ ነበር ነው። የዚያ የምስጋና ወረቀት እኩሌታ የእሳቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ፋብሪካው የአራት ዓመት ውለታቸውን ያለ ምንም ክፍያ ከወሰደ በኋላ በቀብራቸው ቀን «ጎረቤት ሕጉ ላይ የለም» አለ።

ነገሩን ጠቅለል አድርገን ብናየው አሠሪ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት አርባ ስምንት ሰዓት ጉልበት ይገዛል። ያ ጉልበት ግን የሚሠራው ፋብሪካው ውስጥ አይደለም። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ልጁን አደራ ሰጥቶ፣ ቤቱን ጠባቂ አግኝቶ ነው ማሽኑ ፊት የሚቆመው። ይህን የሚያዘጋጀው ቤቱና ሰፈሩ ነው። የደመወዝ መዝገቡ ላይ ሰፈር የሚባል ተከፋይ የለም እንጂ ሠራተኛው ለሥራ የሚደርሰው በሰፈሩ ትከሻ ተሸክሞ ነው።

በገበሬው አገር «ምንህ ናቸው?» የሚባል ጥያቄ አይነሣም። አጨዳ ሲደርስ ወንፈል ይያዛል፤ ዛሬ እኔ የአንተን አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን። ደቦ ሲጠራ ደግሞ ባለ እርሻው ጠላውንና እንጀራውን አሰናድቶ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል። ሥራውም፣ ቤተሰቡም፣ መንደሩም እዚያው ማሳ ላይ አንድ ላይ ይገኛሉ። ሰው ሲሞት ማጭዱ ይቀመጣል፤ የባከነውን ሰዓት የሚቈጥር የለም፤ የቆመው ሥራ በነዚያው ሰዎች እጅ ኋላ ይካካሳልና። እዚህ ላይ የገጠሩን ኑሮ ገነት አስመስዬ ማቅረቤ አይደለም። ለደቦው ጠላ የምትጠምቀው ሴት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደምታጣ ባሕላችንን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የገባው ሰው ማሳውን ትቶ መጣ። እዚህ ሥራው አንድ ቦታ፣ ቤቱ ሌላ ቦታ ሆነ። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ዘመዱ በብዙ ቀን መንገድ ርቆ ነው ያለው። ዕድር የዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ የተስፋፋ የከተማ ሰው ድርጅት ነው። ብዙዎቻችን ከጥንት ከአባቶች የወረስነው የገጠር ልማድ አድርገን እንገምተዋለን፤ ነገር ግን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ በወር መዋጮ የሚተዳደር፣ የአባላት መዝገብና የቅጣት ደንብ ያለው ማኅበር ደመወዝና ሰዓት ከሚባሉት ነገሮች ጋር አብሮ ያደገ ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መዝገብ የሚጻፉባቸው ዕድሮች ብዙ ናቸው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ ቤት ለቤት ሲገባ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያሉትን ሕሙማንና ወላጅ የሞቱባቸውን ሕፃናት ወደ መርዳት ተሸጋገሩ። ይህ ድርጅት እንደ ጊዜው መለወጥ የሚችል መሆኑን አንርሳ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ በፋብሪካው ኃላፊ ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን ልሞግት። የእኛ ዕድር ከመቶ በላይ አባወራ አለው። አባላቱ ከነወላጆቻቸውና ከነልጆቻቸው ሲታሰቡ ጡሩንባው በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ቢነፋ አያስደንቅም። አባቴ በተነፋ ቊጥር ቢወጣ በዓመት ስንት ቀን ይቀራል? ከዚህም በላይ፣ አባቴ ሲቀር ማሽኑ አይቆምም። ጎኑ የቆመው ሠራተኛ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፤ እሱም ቤተሰብና ዕድር ያለው ሰው ነው። ስለዚህ «ለቀብር ሁሉ ፈቃድ ይሰጥ» ብሎ መጮኽ ቀላል ነው፤ የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ባለ ፋብሪካው አይደለም። ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፈው ሰው ፈረቃ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ይሁንና ሙግቱ ተጨማሪ ነገር እንዳይ አደረገኝ። የአባቴ የጠፋ ቀን በደብዳቤ ተጽፏል፤ ማኅተም ተመትቶበታል፤ በብር ተተምኖ ከደመወዙ ላይ ተነሥቷል። የእናቴ ቀኖች ግን የት ተጻፉ? እማማ በሞቱ ጊዜ እስከ ሠልስቱ ድረስ እናቴ ለቅሶ ቤት ነበረች። ሌሊት የምትጋግረው እንጀራ ለደንበኛ መሆኑ ቀርቶ ለድንኳኑ ሆነ። ንፍሮውን የቀቀሉት፣ ቡናውን ያፈሉት፣ ድስቱን ያጠቡት እሷና የሴቶች ዕድር ጓደኞቿ ናቸው። አባቴና ሌሎቹ ወንዶች ድንኳኑን ከተከሉና ወንበሩን ከደረደሩ በኋላ ተቀምጠው አስተዛዘኑ። ከእናቴ ደንበኞች መካከል ሁለቱ እንጀራ ሲቀርባቸው ሌላ ጋጋሪ ፈለጉ፤ አንዷ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። በሴቶች ዕድር መዝገብ ላይ ስለ እናቴ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተገኝታለች» ይላል።

ለምን እንደማትናገር ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ይኼ ሥራ አይደለም፤ ሰው መሆን ነው» አለችኝ። ይህን መልሷን አከብራለሁ። ነገር ግን እናቶቻችን «ሥራ አይደለም» ባሉ ቊጥር የሚጠቀመው ማን ነው? ፋብሪካው ይጠቀማል፤ አባቶቻችን ይጠቀማሉ፤ እኛም ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ሥራ እንደ ፈታ ሰው ተዘርግተን እንጠቀማለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩን የፈተለችውን ግን አናስታውሳትም።

ይህ በሥራ፣ በቤትና በሰፈር መካከል የተዘረጋው ክር አሁን በሌላ በኩልም እየተጐተተ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶችን እየሠራ በዕጣ አከፋፍሏል። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ የዚህ ፍሬ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት የተነሡ ብዙ ቤተሰቦችም ከለመዱት ሰፈር ርቀው ሰፍረዋል። በዝናብ የሚያፈስ ጣራ፣ ለሃያ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ፣ በቦቴ የሚጠበቅ ውሃ የሚናፍቅ ሰው አለ ብዬ አላስብም። ብዙዎቹ አሁን ያላቸው ቤት ከቀድሞው ይሻላል። ግን ቤቱን በዕጣ ሲያወጡ ጎረቤታቸውንም በዕጣ አወጡት። በደረጃው ላይ «ደኅና ዋላችሁ» ተባብሎ ማለፍና ልጅን አደራ ብሎ ማለፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ከኛ ዕድር ወደ ኮዬ ፈጬ የሄዱ አባላት አሉ። መዋጮአቸውን አላቋረጡም። በእማማ ቀብር ቀን በሁለት መኪና ተሳፍረው መጥተው ስም ሲጠራ «አለሁ» ያሉትን ሳይ ተደነቅሁ። ግን ከመካከላቸው አንዷ፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት፣ ለእናቴ የነገረቻት ነገር አሳሰበኝ። ከተዛወረች ወዲህ የቢሮ ጽዳት ሥራዋን ትታለች። ሥራው ስላልተመቻት አይደለም፤ ደመወዙም አልቀነሰም። መንገዱ ጠዋትና ማታ ሰዓታት ይወስድባታል፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚቀበልላት ሰው ደግሞ የለም። በቀድሞው ሰፈር ከአምስት ቤት አንዱ ይቀበልላት ነበር። እንግዲህ ይህችን ሴት ከሥራ ያስወጣት አሠሪዋ አይደለም፤ ጎረቤት ማጣት ነው። ስለ ሥራ አጥነት ስንከራከር እንዲህ ያለውን በየትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ እናስገባዋለን?

የባሰም አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሆኑ። አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ዕድር የሚጻፈው በቤተሰብ ስም ነው፤ ተከራይታ የምትኖር ያላገባች ልጅ በማን ስም ትጻፍ? ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ ብዙ ሥራ ጠፋ። ያን ጊዜ መጠጊያ የሆናቸው ያው የመጡበት ቤተሰብ ነው። ፋብሪካው ሲከፈት ጉልበት የሰጠ፣ ሲዘጋ ደግሞ የተመለሰውን የተቀበለ አንድ ድርጅት ቢኖር የገጠሩ ቤት ነው፤ ለሁለቱም ግን የከፈለው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የሚታዩኝ ነገሮች ትልልቅ አይደሉም። አዋጁ አሠሪና የሠራተኛ ማኅበር በኅብረት ስምምነት ከሕጉ የተሻለ ነገር እንዲስማሙ አይከለክልም። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ሠራተኛው ራሱ መርጦ «ምንህ ናቸው?» ሳይባል የሚወስደው የለቅሶ ቀን በስምምነቱ ውስጥ ይግባ። ቊጥሩ የተወሰነ ከሆነ ኃላፊውም ተተኪ ማዘጋጀት ይችላል፤ ጎኑ የቆመውም ሠራተኛ በተራው ይጠቀማል። የሠራተኛ ማኅበሮቻችን ስለ ደመወዝ ሲከራከሩ ይህን ለምን እንደማያነሡ አይገባኝም። ምናልባት እነሱም ዕድርን የቤት ጉዳይ አድርገው ይሆናል።

ዕድሩም በበኩሉ መለወጥ አለበት። ለቅሶ በባሕርዩ የማይነካ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ገብቶ ሰው መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ድንኳኑ ታጥፎ እንደ ነበር ያስታውሱ። ሰው ያን ጊዜም ተቀብሯል፤ ሐዘንተኛውም በስልክና በደጅ ቆሞ ተጽናንቷል። ደስ የሚያሰኝ ነበር አልልም፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ እንዳላለቀሰ የሚሰማው ሰው አለ። ግን ሥርዐቱ የሚሻሻል መሆኑን አሳይቶናል። ማስተዛዘኛው ከሥራ በኋላ ባሉት የማታ ሰዓቶች ቢሆን፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ቢገኝ ስም ቢያዝለት፣ ሰው በሥራ ምክንያት ሲቀር ቅጣቱ በገንዘብ ሳይሆን ማታ በሚሰጥ አገልግሎት ቢተካ ምን ይጐድላል? ድስቱንም ወንዶች ይጠቡት። ይህን ስል አንዳንድ ወንድሞቼ እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ በግቢያችን የየራሳቸውን ሸሚዝ የሚያጥቡ ሰዎች ለምን እንደሚስቁ ግን አላውቅም።

ከሁሉም ይልቅ የምመኘው ዕድር ለሞተ ሰው የሚደርሰውን ያህል ለተወለደም ቢደርስ ነው። መቶ አባወራ ያለው ማኅበር፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ገንዘብ ያለው ማኅበር፣ አንዲት ክፍል ይዞ የአባላቱን ሕፃናት በቀን የሚያውሉ ሁለት ሴቶችን በደመወዝ መቅጠር አያቅተውም። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ግቢ ውስጥ የጋራ መጠቀሚያ ተብለው የተሠሩ ሕንፃዎች አሉ። እማማ በነፃ ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ፣ ሥራ ነው ብሎ የሚከፍል ዕድር አንድ ቢገኝ የሕግ አውጪዎቻችንም ዐይን ሊከፈት ይችላል።

አንድ ነገር ስለ እኛ። ያ «ምንዎ ናቸው?» ብሎ የጠየቀው ወጣት ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት እንደኛ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ የነበረ ልጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የተማረውን ነው የሠራው። ስለ ሰው ኃይል አስተዳደር ስንማር ሠራተኛው በር ገብቶ ከፈረመበት ደቂቃ በፊት ስለ ነበረው ሕይወቱ ምን ያህል ተነግሮናል? ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ያ ወንበር የእኛ ይሆናል።

የዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ ይደረጋል። ከላይ የዘረዘርሁትን ሐሳብ በአንድ ወረቀት ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቼ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «መልካም ነው፤ ነገር ግን አንተ አባል አይደለህም፤ በመዝገቡ ያለው የአባትህ ስም ነው» አሉኝ። አባቴን ጠየቅሁት፤ በዚያ እሑድ የፈረቃ ተረኛ ስለሆነ አይገኝም። እናቴም ስሟ ያለው በሴቶቹ ዕድር እንጂ በዚያኛው መዝገብ ስላልሆነ መናገር አትችልም። ስለዚህ በሩ አጠገብ ቆሜ እንድሰማ ተፈቅዶልኛል። ወረቀቱን ግን ይዤ እሄዳለሁ።